ባሕር አይቶ የመጣ ጎረቤት

ባሕር አይቶ የመጣ ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? አያጋጥማችሁ! የእኔው ከምጽዋ ባሕር ኃይል ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመለሰ ወዲህ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ላይ የእኔን ወሬ የሚሰማ ጠፋ።

ባለፈው እሑድ «በአያቶቻችን ዘመን ብረት የለበሱ ሁለት መርከቦች ቀኑን ሙሉ በመድፍ ተደባደቡ፤ አንዱም አልሰመጠም» አለ። ቄሱ ሳይቀሩ ጉድ አሉ። እኔ ግን፣ በቅናት ሳይሆን ለእውነት ተቆርቁሬ፣ ቤቴ ሮጬ ማረሻዬን አመጣሁና እዚያው በነበረ የውሃ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ሰመጠ።

«ብረት ካልሰመጠ ታዲያ ምን ሊሰምጥ ነው?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ይፍቀዱልኝ ጋሼ፤ ይህም ብረት ነው» ብሎ ጠላ የጨለጥኩበትን ጣሳ ከእጄ ወሰደና ውሃው ላይ አኖረው። ተንሳፈፈ።

ይሄስ ባልከፋኝ። ሚስቴ ወደ እሱ ጠጋ ብላ «ከዚያስ፣ ወንድምዬ?» አለችው። በሃያ ዓመት ትዳራችን እኔን አንድ ቀን እንኳ «ከዚያስ?» ብላኝ አታውቅም።