ያልጠራሁት ጓደኛዬ

እኛ ሀገር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ፊደል አይደለም፣ «አቤት» ነው። እናት ከጓዳ ትጠራለች፣ አቤት፤ ጎረቤት ካጥር ማዶ ይጠራል፣ አቤት። ማን እንደጠራው ሳያጣራ ፈጥኖ አቤት ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል፤ የዘገየ ኩርኩም ይቀምሳል። እርስዎም ቢሆኑ አሁን አንድ ሰው ከኋላዎ በስምዎ ቢጠራዎ ዞር ማለትዎ አይቀርም። እኔ ግን ከዳቡስ ወንዝ ጉዞዬ ወዲህ፣ ቢቀርብዎ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክልሉ ገና አዲስ፣ የአሶሳ መሥሪያ ቤቶች የታፔላ ቀለም ያልደረቀ፣ ወንበሩም ከሹሙ ያነሰ በነበረበት ጊዜ ነው። ፈቃዱ ከሚባል የወለጋ ልጅ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ፈቃዱ ካንዱ አዲስ ቢሮ ተቀጥሮ፣ ኃላፊው «ፈቃዱ!» ሲሉት፣ እሱም «አቤት!» እያለ ሲሮጥ ይውላል። በኋላ በኋላ እራት እየበላን፣ ማንም ሳይጠራው፣ «አቤት!» ብሎ ብድግ ይል ጀመር። ጓደኛዬ አእምሮውን ሊስት ነው ብዬ ፈራሁ። እስቲ ሰው ከማይጠራው ቦታ ትንሽ ይረፍ ብዬ፣ በዳቡስ ወንዝ ዳር ወዳለው የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ ይዤው ሄድኩ።

የስፍራው ጠባቂ አባባ ኢድሪስ የሚባሉ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ገና ከመኪና ሳንወርድ አስጠነቀቁን።

«እዚህ ጫካ ሰው በስም አይጠራም። ማጨብጨብ ብቻ። ስሙን የሰማ ሰው፣ ወላሂ፣ አቤት ማለት የለም!»

ስለ አንበሳ ይነግሩናል ብዬ ስጠብቅ ስለ ስም ሆነና ሳቄ መጣ። ፈቃዱ ግን ፊቱ ፈካ። «እንግዲያ ዛሬ ማንም አይጠራኝም!» አለ።

ሽመሉ ውስጥ፣ የቆላው ቀርከሃ ጫካ ውስጥ፣ ገባን። አውሬ አላየንም። ትኩስ ፋንድያ አለ፣ አውሬ ተኝቶበት የነበረ ሣር ቀና ሲል ይታያል፤ ሁሉም አሁን እዚህ ነበር፣ አሁን የለም። ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ነፋስ ሳይኖር ሽመሉ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ፈቃዱ ጥላ ሥር ጋደም ሲል፣ እኔና አባባ ኢድሪስ ውኃ ልንጠጣ ወደ ወንዙ ወረድን።

ጎንበስ ብዬ እንደተጎነጨሁ ከሽመሉ ውስጥ ጥሪ ሰማሁ። «ፈቃዱ!» ምነው የማላውቀው ድምፅ በሆነ! የራሴ ድምፅ ነው። አፌ ውኃ ሞልቶታል።

«አቤት!» አለ ፈቃዱ ከላይ።

ውኃውን ተፍቼ ልጠራው ስል አባባ ኢድሪስ አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «አንተም ከጠራ፣ የቱ ነው አንተ፣ እሱ በምን ያውቃል?»

እያጨበጨብን ሮጥን። ስንደርስ ፈቃዱ፣ ኃላፊው ፊት እንደሚቆመው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ወደ ሽመሉ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ክንዱን ያዝኩት። ዞሮ እኔን አየኝ፣ መልሶ ወደ ፊት አየ።

«አንተ እዚህ ከሆንክ፣ ያ በእጁ ና የሚለኝ ማነው?»

እኔ አላየሁም። ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነው ጎትቼ ያወጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ፈቃዱ የጠራውን ሰው ፊት ሳያይ አቤት ማለት ተወ። ኃላፊው ይጠሩታል፣ ዝም። በቃ ተባረረ ብዬ ሳዝን፣ ኃላፊው ራሳቸው ጠረጴዛው ድረስ እየመጡ «አቶ ፈቃዱ» ይሉት ጀመር። ይህን ያህል የኮራው ከጀርባው ሰው ቢኖረው ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሾሙት፤ ቤትም ሰጡትና እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በሬን ዘግቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ከደጅ በስሜ ተጠራሁ። ድምፁ የፈቃዱ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ለስብሰባ ኩርሙክ ከሄደ ሰነበተ። ማጨብጨብ እንዳለብኝ መች አጣሁት፤ እጄንም አንሥቼ ነበር።

ግን ምን ላድርግ፣ አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም። «አቤት!» አልኩ።