ሁለት ሴቶች ያሉበት ምክር ቤት

ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ እጁን ያወጣል? ትምህርት ቤት "ቲቸር! ቲቸር!" እያልን ከወንበራችን ተነሥተን አውጥተናል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አጀንዳው ምን እንደሆነ ሳንሰማ፣ ጎረቤታችን ሲያወጣ አይተን አውጥተናል። ሰብሳቢው "የምትደግፉ?" ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ይሆናል። "የምትቃወሙ?" ሲል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መጨረሻ ላይ "ድምፀ ተአቅቦ?" ሲል ከኋላ አንድ ሰውዬ እጁን ብድግ ያደርጋል። እኔ ታዲያ ያ ሰውዬ በጭራሽ አይገባኝም ነበር። አቦ፣ ሰው እንዴት ስብሰባ ድረስ መጥቶ፣ ወንበር ይዞ፣ ለስላሳውን ጠጥቶ፣ "አልደግፍም፣ አልቃወምም" ይላል? ቤትህ አትቀመጥም ነበር! አባቴ የፓርላማ ስብሰባ ከኳስ እኩል ይከታተል ስለነበር፣ "በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል" በተባለ ቁጥር እኔ ከጓዳ ሆኜ ያንን አንድ ሰው ስሰድብ፣ እሱ ይስቅብኝ ነበር።

ይሄ ኮምቦልቻ ሳለሁ ነው። የምነግራችሁ ግን ዓረብ አገር፣ ማስከት፣ አል ጉብራ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በኮሮና ጊዜ የሆነውን ነው። አሠሪዬ ማማ ሸምሳ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም የማያማት አሮጊት ናት። አገር ቤት ብትሆን አንቱ ነበረች፤ ዓረብኛው አንቱ ስለማያውቅ አንቺ እንዳልኳት አንቺ ሆና ቀረች። የውጭውን በር ቁልፍ ከኪሷ አታወጣም ነበር። ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ እንኳ ራሷ ከፍታልኝ፣ እስክመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። በሽታው ሲመጣ ልጇ ሳሊም ቁልፉን ከእሷም ወሰደው። "ማማ፣ አንቺም አትውጪ፣ ማንም አይግባ" አለና ቆልፎ ሄደ። እናንተዬ፣ እስረኛና ጠባቂ አንድ ክፍል ውስጥ ሲታሰሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነበርን።

ዝምታው ነው የሚገድለው። መኪና የለ፣ የልጅ ጩኸት የለ። መስጊዱ ራሱ አዛን እያደረገ "ቤታችሁ ስገዱ" ይል ነበር። እኔ ደግሞ ኮንትራቴን ጨርሼ፣ ሻንጣዬን እስከ ግማሽ ሞልቼ ሳለሁ ነው አየር ማረፊያው የተዘጋው። ልጄን ሐያትን ገና ጡት እንደጣለች ለእናቴ ትቼ ነበር የመጣሁት። አሁን አፏን ፈትታ፣ አድጋ፣ በስልክ ስታየኝ "ሰዓዳ" ትለኛለች፤ ስሜን። "እማዬ" የምትለው እናቴን ነው። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ማማ ከሳሎን "ሽንኩርት አበዛሽ!" ትላለች። ሽንኩርት እንዳልሆነ ሳታውቅ የምትቀር አይመስለኝም።

አንድ ቀን ማማ የሞተ ሰው ቁጥር መስማት ሰለቻትና ሪሞቱን ስትጫን፣ ስትጫን፣ አንድ የዓረብ አገር ፓርላማ ላይ ቆመች። የየትኛው አገር እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የሚከራከሩት ስለ ሴት እስረኞች ነበር። በሽታው እስር ቤት ገብቶ ሳይፈጃቸው የትኛዋ ትፈታ፣ የማን ቅጣት ይቀነስ፣ ማን ቤቷ ሆና ትቀጣ፣ በዚህ ቀናት ፈጁ። የእነሱ ሲያበቃ የእኛ ይጀመራል። "ያላ ሰዓዳ! የሰረቀችዋ ትፈታ የምትይ እጅሽን አውጪ" ትላለች ማማ። አወጣለሁ። "ሐብስ ትግባ የሚል?" ብላ የራሷን ታወጣለች። ሐብስ እስር ቤት ነው፤ ለማማ የሰረቀችም ሐብስ፣ የተሳደበችም ሐብስ፣ ከሠራችበት ቤት የጠፋች ደግሞ ሁለት ሐብስ። አንድ ለአንድ እንሆንና ጉዳዩ ለነገ ያድራል። ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን የምትለው እውነት እየመሰለኝም እቃወማት ነበር። ከተስማማንማ ነገ ምን ልናወራ ነው?

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጢሙን ያሳመረ አባል ተነሣ። "ሴትን ቤቷ አስቀምጦ ቀጣኋት ማለት ምን ማለት ነው? ድሮስ የት ነበረች?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ማማን አየኋት፤ ማማ በሩን አየች። ከዪቲ ነው በልጅነቷ ተድራ የመጣችው፤ ዪቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት። ስንት ጊዜ ተመልሳ እንዳየቻት ብጠይቃት በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። "ይሄ ሰውዬ እናት የለውም?" አለች በመጨረሻ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ያልጠየቀችኝን ጠየቀችኝ።

"ልጅሽ ማን ነው ስሟ?"

"ሐያት።"

"ማን ያስተኛታል?"

"እናቴ ናት።"

ማታ "ልጅ ያላት ሴት ትፈታ የሚል?" ብላ ስትጠይቅ እጇ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ምክር ቤታችን ከተቋቋመ የመጀመሪያው ሙሉ ድምፅ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ፤ ለነገ የሚያድር ነገር አልነበረንም።

አልሃምዱሊላህ፣ አውሮፕላን ጀመረ ተባለ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላል የአገሬ ሰው። ሳሊም አስቤዛ ይዞ ሲመጣ ሁልጊዜ ጓሮ ቆሞ፣ ማስኩን አድርጎ፣ በመስኮቱ መስታወት እናቱን እያየ በስልክ ያናግራታል። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ስለነበር "ባባ ሳሊም፣ ልጄ ጋ ልሂድ" አልኩት። ሳሊም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። "ሰዓዳ፣ አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪልኝ" አለ። "አዲስ ሰው ማስመጣት አሁን ማፊ፣ የለም። ማማ ብቻዋን ትሁን?" ፓስፖርቴ ያለው እሱ ጋ ነው። ድምፁም እንደ ለማኝ ነበር፣ ምን ልበለው?

"ድምፅ ይሰጥ!" አለች ማማ።

ሳሊም ሳቀና ከመስታወቱ ማዶ እጁን አወጣ። "እኔ እቃወማለሁ።"

"አንተ አባል አይደለህም" አለችው። "ታዛቢ ነህ፤ ያውም ከውጭ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሰዓዳ ልጇ ጋ ትሂድ የሚል?" አለችና እጇን አወጣች። ያ ሁሉን ሐብስ የሚያስገባ እጅ፣ ሂናው የደበዘዘ፣ አየር ላይ ቆሞ እኔን ጠበቀኝ።

የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ነበር። ያን ያህል ያለቀስኩለት ጉዳይ ነው እኮ! ብቃወም ሐያት አለችብኝ፤ ይባስ ብላ "አክስቴ" ትለኝ ይሆናል። እጄን ባወጣ ደግሞ አሮጊቷን ፊት ለፊት "ብቻሽን ቅሪ" ማለት ነው፤ ዓይኗን እያየሁ። አልወጣ አለኝ። ያኔ ያ የቀበሌው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ለካ ለስላሳ ሊጠጣ አልነበረም የመጣው! በአንድ ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ሳሊም መስታወቱን አሻግሮ እናቱን ብዙ ካያት በኋላ "ፓስፖርትሽን አመጣለሁ" አለ። ማማ "ኻላስ፣ አለቀ" ብላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

ማታውን ወደ ኮምቦልቻ ደወልኩ። ሐያት በእናቴ ጭን ላይ ሆና ብቅ አለች። እኔም የለመደብኝን "ልመጣ ነው! ሰዓዳ ትምጣ የሚል እጅ ያውጣ!" አልኩ። እናቴ ሁለቱንም እጆቿን ሰቀለች፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ብላት የምትሰማኝ አይደለችም። ሐያት ግን ቀና ብላ አያቷን አየች፣ ዞር ብላ ስልኩን አየች፣ እጇ የእናቴን ነጠላ ጫፍ እንደጨበጠ ቀረ። አልደገፈችም፣ አልተቃወመችም። በእናቷ ወጥታ ነዋ! ሳቅኩ። አይፈረድባትም።

ሻንጣዬ አልጋው ላይ እንደተከፈተ ነበር። ከሳሎን "ያላ ሰዓዳ፣ ሊጀምሩ ነው!" የሚል ድምፅ መጣ። ዓይኔን ጠራርጌ ሄድኩ። ያለ እኔ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም።