አያ ዘይኑና አስቸኳዩ ኢሜይል

በየከተማው ሰላምታ የማያልቅበት አንድ ሰው አለ። ከሌለ ከተማው ገና ከተማ አልሆነም። በሐይቅ ይህን ማዕረግ ያለ ሹመት ደብዳቤና ያለ ደመወዝ የያዙት ክቡር አያ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ አገሩ ባጭሩ አያ ዘይኑ ይላቸዋል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ገመድ፣ ጀሪካንና የዓሣ መረብ ክር ይሸጣሉ። ሽያጩ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ገመድ ፈልጎ የገባ ሰው መጀመሪያ ስለ ራሱ፣ ቀጥሎ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታመመችው አማቱ ይጠየቃል። አማቱ እንዳልታመመች ያስረዳል። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አልታመመች" ይባላል። ዋጋው ከዚያ በኋላ ነው።

የእህታቸው ልጅ ሂዳያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ እስክታገኝ ሱቁን ታግዛቸዋለች። አንድ የገበያ ቀን ወደ ውጫሌ ሊሄዱ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ አያ ዘይኑ በመስኮት የሚያውቁትን ሰው አዩና ወረዱ። ሚኒባሱ ጠበቀ፣ ጡሩምባ ነፋ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፤ እሱም ሄደ።

"አያ፣ ገበያው ሊበተን ነው" አለች ሂዳያ።

"አብሽሪ፣ ገበያ የትም አይሄድም። ሰላም ያለሽን ሰው ጥሎ መሄድ ፊቱ ላይ በር መዝጋት ነው።"

ውጫሌ ሲደርሱ ገመድ የሚያስረክባቸው ነጋዴ ሸራውን እየጠቀለለ ነበር። አያ ዘይኑ ሰላምታቸውን ከእሱ ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ሰው እጅ ኢሜይል ሲገባ ምን እንደሚመጣ ያሰበ አልነበረም። የከፈተችላቸው ልጃቸው ራዚያ ናት። ለሥራ ወደ ሪያድ ስትሄድ የፓስፖርቷን፣ የሥራ ውሏንና የመታወቂያዋን ፎቶ "እዚያ ቢጠፋብኝ ከቤቴ አገኘዋለሁ" ብላ ኢሜይሉ ውስጥ አስቀመጠች። ሰው አገር ላይ ራዚያ ራዚያ መሆኗን የሚመሰክረው ሁሉ አባቷ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ፣ ፊቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ይዞራል ማለት ነው።

አንድ ቀን ሂዳያ ከምሳ ስትመለስ አያ ዘይኑ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው፣ በአንዲት ጣት፣ ላብ በላብ ሆነው ሲጽፉ አገኘቻቸው።

"ምን እየጻፉ ነው አያ?"

"ሰላምታ እየመለስሁ ነው።"

"ለማን?"

"እንጃ። ብቻ ጨዋ ሰው ነው።"

ጨዋው ሰው የጻፈው እንዲህ ይላል፦ "አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ውድ ደንበኛችን፣ የኢሜይል ሣጥንዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው። እንዳይዘጋ ሙሉ ስምዎን፣ የትውልድ ቦታዎንና አሁን ወደ ስልክዎ የምንልከውን ቁጥር በአስቸኳይ ይላኩልን።"

ሂዳያ መልሱን ከላይ ጀምራ አነበበች። አያ ዘይኑ ሰላምታውን በሙሉ ከመለሱ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ሁሉ አፊያ መሆናቸውን ጠይቀዋል። በእነሱ በኩል ዝናቡ እንዴት እንደያዘ ጠይቀዋል። ሙሉ ስም ለተባለው እስከ ሰባት ቤት ቆጥረዋል። ለትውልድ ቦታው ደግሞ፣ አንድ ቀን ይመጡ ይሆናል ብለው፣ አምባሰል እንዴት እንደሚገባ መርተዋል፤ ከውጫሌ ወጥታችሁ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ሾላው ሥር ስትደርሱ ማንንም ጠይቁ፣ ሳትበሉ እንዳታልፉ። ይህን ሁሉ በአንዲት ጣት ሲለቅሙ፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ዕድሜ የሌላት ቁጥር ሳትላክ ሞታለች።

ከታች የጨዋው ሰው ምላሽ አለ፤ ሰላምታ የለውም። "ቁጥሩን ብቻ ይላኩ። የመጀመሪያው ጊዜው አልፏል። አዲስ ልከናል። ፍጠኑ።"

አያ ዘይኑ ለዚህ የጀመሩት መልስ "ልጄ፣ ችኮላ ከሸይጧን ነው" ላይ ቆሟል። አዲሷ ቁጥር ከስልኩ አናት ላይ ታበራለች።

ሂዳያ ስልኩን ነጠቀች። በአጎቷ ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት አድርጋ አታውቅም።

"ሌባ ነው አያ።"

"በአላህ ስም ሰላም ብሎኝ?"

"በአላህ ስም ሰላም ብሎዎት። ይቺን ቁጥር ቢያገኝ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ሣጥኑን ይወስድ ነበር። ከዚያ በራዚያ ወረቀት ሲም ያወጣል፣ ይበደራል፣ ያሻውን ያደርጋል፤ ሪያድ ላይ የምትያዘው ራዚያ ናት።"

አያ ዘይኑ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሂዳያ የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ ወደ ሣጥኑ የሚገባ ሁሉ በእሷም ስልክ እንዲጠየቅ አደረገች፤ ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ አሳየቻቸው። ላኪው ራሱን የኢሜይል ድጋፍ ክፍል ብሎ ሰይሟል፤ ከስሙ ሥር ያለው አድራሻ ግን ፊደል ከቁጥር የተደበላለቀበት፣ የማንም መሥሪያ ቤት ያልሆነ ነው። "ስሙን ማንም ይጽፋል አያ፤ አድራሻውን ይዩ። የሚያጣድፍዎትን ይጠርጥሩ። ተጫኑ የሚሉትን አይጫኑ። ቁጥር ሲመጣ ለእኔም እንኳ አይስጡ። ግራ ከገባዎት ደግሞ መልስ አይጻፉለት፤ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ይጠይቁ።"

"ሰላምታው ግን ሙሉ ነበር" አሉ አያ ዘይኑ፣ እንደ ሐዘንተኛ።

ትምህርቱ ገባቸው። ከሚገባው በላይ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣውን ኢሜይል ሁሉ ያጠፉ ጀመር። የወንድማቸው ልጅ ባድሩ ከኮምቦልቻ የላከውን የሠርግ ጥሪ "ይህም ሰላምታ አብዝቷል" ብለው አጠፉት። ባድሩ ተዳረ፤ እሳቸው ሱቃቸው ውስጥ ገመድ ይጠቀልሉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሱቁ ጓዳ ሆነው ሂዳያን ጠሯት። ፊታቸው በርቷል።

"ነይ፣ ሌባ ያዝሁ።"

መልእክቱ አጭር ነው፦ "አባዬ የፓስፖርቴን ፎቶ አሁኑኑ ላክልኝ። አስቸኳይ ነው።"

"ራዚያ ነኝ ይላል" አሉ አያ ዘይኑ። "የኔ ልጅ ናት ሰላም ሳትል የምትጽፍ? ደግሞ ያጣድፋል። ደግሞ ፓስፖርት ይጠይቃል። ያልሽኝ ሁሉ አለበት።"

ሂዳያ አድራሻውን አየች። የራዚያ ነው። ቢሆንም ሌባ የራዚያንም ሣጥን ሰብሮ ሊሆን ይችላል። "እንደውል" አለች።

"ለሌባ?"

"ለራዚያ። ሁልጊዜ በምንደውልላት ቁጥር።"

ስልኩ ጮኸ። ራዚያ አነሳችው። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይንጫጫል። "አባዬ፣ እኔ ነኝ የጻፍሁት። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ዛሬ ካልታደሰ ያለ ወረቀት መቅረቴ ነው፤ ለዒድም መምጣት የለም። ፓስፖርቱ አሠሪዬ ዘንድ ነው፣ ፎቶው ይበቃል አሉኝ፣ ወረፋዬ ደርሷል…"

ሂዳያ ወደ አጎቷ ዞረች። አያ ዘይኑ አፋቸውን ከፈቱ። አሁን አሠሪዋን፣ የአሠሪዋን ልጆች፣ የሪያድን ሙቀት ይጠይቃሉ፤ ወረፋውም ያልፋል ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይላክልሻል። ዝጊው" አሉና ራሳቸው ዘጉት።

ሂዳያ ፎቶውን እየላከች ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። በሕይወቷ ከእኒህ ሰው አፍ ሰላምታ ያልቀደመው ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት መዳፋቸው ከደኑት።

"ፊቷ ላይ ዘጋሁባት" አሉ።

ከቀትር በፊት ከራዚያ መልእክት መጣ፦ ታድሷል። ሂዳያ አንብባላቸው ሳትጨርስ ለራዚያ ደወለች፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸውና ወደ ሱቁ ወጣች። ከጓዳ "ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ" የሚለው ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ አፊያው፣ ቀጥሎ አሠሪዋ፣ ቀጥሎ የአሠሪዋ ልጆች በየተራ።

ከአምባሰል የወረዱ አንድ ገበሬ ሱቁ በር ላይ ቆመዋል።

"ገመድ ፈልጌ ነበር። አያ ዘይኑ የሉም?"

ከጓዳ፣ በስልኩ ውስጥ፣ ራዚያ ትስቃለች፤ አባቷ ገና ሙቀቱ ጋ አልደረሱም። ገመዱ ያለው ከእሳቸው ወንበር ሥር ነው።

"አሉ" አለች ሂዳያ፣ በርጩማ እያቀረበችላቸው። "ይቀመጡ። እርስዎ አፊያ ነዎት? ቤት እንዴት ነው? ከብቱስ? በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ያዘላችሁ?"