ትርፍ አልጋ

በአማርኛ ውስጥ «ትርፍ»ን የመሰለ መሠሪ ቃል ያለ አይመስለኝም። ነጋዴ ሲሰማው ፊቱ ይፈካል። ሐኪም ከአንጀት ጋር አያይዞ ከጠራው ግን ሆድ ሊቀደድ ነው ማለት ነው። ትራፊክ ፖሊስ «ትርፍ ጭነሃል» ሲል ሾፌሩ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። እናት ደግሞ ልጇን «ትርፍ ነገር አትናገር» እያለች ታሳድጋለች። ታዲያ ይሄ ቃል ወዳጅ ነው ጠላት?

እትዬ አስካለን ብትጠይቋቸው መልሱን አይነግሯችሁም፤ በራቸውን ይዘጋሉ እንጂ። ጂንካ ውስጥ የምኖርባት ክፍል የሳቸው ነበረች። ባለቤታቸው ከሰሜን መጥተው፣ ንግድ ጀምረው፣ ከመኖሪያቸው ጎን አስጠግተው የሠሯት ናት። አዋጁ ሲመጣ «ትርፍ ቤት» ተባለችና ቀበሌ ወረሳት፤ ለእኔ ለመምህሩም አከራየኝ። ኪራዩን የምከፍለው ለቀበሌ ነው። ጣራው ሲያፈስ ግን የምነግረው ለእትዬ አስካለ ነው፤ የትኛው ቆርቆሮ እንደተበሳ ቀበሌ ከየት ያውቃል? ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ፤ እትዬ አስካለ አዋጁ ነው ይላሉ። እኔ የሁለቱንም አምናለሁ።

ቀበሌያችን አንድ ሱቅና አንድ ወፍጮ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረው። ሁላችንም ዕጣ ገዝተናል። «አክሲዮን» ማለት ከበርቴ ከበርቴ ስለሚሸት ነው «ዕጣ» ያልነው፤ ዕጣ ደግሞ እንደሚታወቀው ለአንዱ ይወጣል፣ ለሌላው አይወጣም። የእኛ ለማንም አልወጣም። መተዳደሪያ ደንቡ ትርፉ ለአባላት ይከፋፈላል ይልና «ይሁን እንጂ» ብሎ ይቀጥላል። እኛ ዘላለም የኖርነው «ይሁን እንጂ» ላይ ነው። አንድ ዓመት ትርፉ ለመጠባበቂያ ነው ተባለ፤ ሌላ ዓመት ለወፍጮው ቺንጋ፤ ሌላ ዓመት ለማስፋፊያ። የወይጦ ወንዝ በሞላ ቁጥር መኪና ስለማይሻገር ሱቁ ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነበር፤ ምኑ እንደሚስፋፋ ፈጣሪ ይወቀው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንድ ዓመት ግን ወፍጮው ሳይሰበር ከረመና ኮሚቴው ትርፍ ሊያከፋፍል ቆረጠ። ይህን እንዲያውጅ የታዘዘው የቀበሌው ጥበቃ ኢያሱ ነው። ኢያሱ እኩያዬ፣ የአሪ ሰው፣ አማርኛን ጎልምሶ ገበያ ላይ የተማረ ነው። ጸሎት ቤታቸው ሳይታሸግ መዘምራን ይመራ ስለነበር ድምፁ ለድምፅ ማጉያ አያንስም። ልጁ ዳንኤልና የእትዬ አስካለ ልጅ ተፈሪ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ተጭነው ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። ሊቀመንበሩ «በማኅበራችን የተመዘገበውን ትርፍ በፍትሐዊ መንገድ ለማከፋፈል» እያለ የሚሄድ ረጅም ነገር አስጠናው። ኢያሱ ያን ሁሉ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ስላልፈለገ አሳጠረው።

«ትርፍ ያላችሁ ሰው ሁሉ እሁድ ቀበሌ ይመጣል። ትርፍ ይከፋፈላል።»

በአማርኛው መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ። እኔ ቋንቋውን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰውዬ ከዚህ የተሻለ አላሳጥረውም ነበር።

በዚያው ቀን እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ፤ የገዛ በራቸውን ማለት ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ ለአንድ ሰው ስንት አልጋ ነው የሚፈቀደው?»

ቤታቸው ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የተፈሪ። የልጁን አልጋ አንጥፈው፣ ብርድ ልብሱን ፀሐይ እያስመቱ ነው የሚጠብቁት፤ እንግዳ እንኳ አያስተኙበትም። ይሄ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ትርፍ ነው፣ እንዲያውም ለእርስዎ ሊሰጥዎት ነው ብዬ አስረዳሁ። እሳቸው ግን የአዋጁን ጊዜ አስታወሱኝ፤ ያኔም ለሰፊው ሕዝብ ነው ተብለው፣ «እኛስ ሕዝብ አይደለንም እንዴ?» ሳይሉ ቁልፉን እንዳስረከቡ ነገሩኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። መፈክሩ አለቀና ሊቀመንበሩ ንባቡን ጀመረ። «ትርፍ» ከሚለው ቃል ሲደርስ እትዬ አስካለ ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አልጋው ትርፍ አይደለም። ሰው አለው። ሰውዬው ያለው እናንተ ጋ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሩ ላይ የቆመው ኢያሱ አልሳቀም፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ያየ ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩም፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጓድነቱን ትቶ «እናቴ፣ የገንዘብ ነገር ነው፤ አልጋዎን ማንም አይነካም» አላቸው። ቁጭ አሉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ግን ተነሣና እናት አገር በተወረረችበት ሰዓት ትርፍ መካፈል ያሳፍራል፣ ገንዘቡ ለሠራዊቱ ስንቅ ይዋል አለ። «ይሁን እንጂ» መጣች ማለት ነው። እትዬ አስካለ ለተፈሪ ይደርሰው እንደሆነ ጠየቁ። ይደርሰዋል አላቸው። ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ትርፉን ተነጥቆ እፎይ ያለ ባለ ዕጣ በዓለም ላይ ከሳቸው በቀር ያለ አይመስለኝም። እኔም አወጣሁ፤ በዚያ ዘመን የሚቆጠረው ያልተነሣው እጅ ነበር።

ሰማንያ ሦስት ላይ ሠራዊቱ ተበተነ። ልጆቹ በእግርም፣ በጭነት መኪናም እየሆኑ በወይጦ በኩል ይመጡ ጀመር። እትዬ አስካለ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከመንገድ ዳር ይቆማሉ። አንድ ቀን ዳንኤል እያነከሰ መጣ። መጀመሪያ የገባው አባቱ ቤት ሳይሆን እሳቸው ዘንድ ነው። ያላቸውን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ፤ አልጽፈውም። ተማሪ ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሰው በማግስቱ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ።

የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ እትዬ አስካለ ኢያሱንና እኔን አስጠሩን። ዳንኤል ቁስሉን ይዞ ቁርበት ላይ እንደሚተኛ ሰምተዋል። አልጋውን አውጡ አሉን። ኢያሱ እምቢ አለ፤ «እትዬ፣ ይሄ የተፈሪ ነው፤ አይሆንም» እያለ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ውሰድ ኢያሱ» አሉት። «አሁን ትርፍ ነው።»

ማኅበራችንም በዚያው ሰሞን ፈረሰ። በዕድሜው ሁሉ ለአባል ሲደርስ ያየሁት ትርፍ ይኸው ነው፤ በእግርጌው በኩል የተሸከምኩትም እኔ ነኝ።