ባሕር ዳር የታሰረችው ማርታ

ከአማታችሁ ጋር ብቻችሁን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ሶፋው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ይጠባል። እጃችሁን የት እንደምታደርጉት ይጠፋችኋል። «እንደምን ዋሉ?» ትላላችሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ከዚያስ? ከዚያማ በመስኮት ዝናቡን ማየት ነው። ሲያትል ደግሞ ለዚህ ትመቻለች፤ የሚታይ ዝናብ አያልቅባትም።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የምንኖረው ቢከን ሂል ነበር። እኔ ሬንተን የአውሮፕላን ፋብሪካ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት እወጣለሁ። ባለቤቴ ሰብለ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ትዳራችን በር ላይ የመኪና ቁልፍ መቀባበል ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። እናቷ እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ታዲያ ያ ከሰዓት በሙሉ የእኔና የእሳቸው ሆነ።

እማማ አስካለ ቁጡ አይደሉም። ክፉም አይደሉም። ዝም ነው የሚሉት። ልጃቸውን ያገባሁት ሱዳን፣ እሳቸው በሌሉበት ስለሆነ ገና እያጠኑኝ ነበር። ፈተናው መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚነግረኝ የለም። ሰብለ «እናቴን አጫውታት እንጂ!» ትለኛለች። በምን ላጫውታቸው? ስለ አውሮፕላን ክንፍ?

እኔ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ዋይት ሴንተር ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር የወንጀል ልብ ወለድ እየገዛሁ አነባለሁ። ለምን ወንጀል ትሉኝ ይሆናል። የፍቅር መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል ካልገባኝ ዘልዬው እሄዳለሁ። ሰው ሲገደል ግን አይዘለልም፤ ዲክሽነሪ ይነሣል። አንድ ቀን ሶፋው ላይ ሆኜ ሳነብ ሳላስበው «ውይ!» አልኩ።

እማማ ዞር አሉ። «ምነው? ምን ሆነ?»

«ሰውየው ሞተ።»

«የቱ ሰውዬ?»

በቃ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ያየ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ላይ አንዲት የተጎሳቆለች ከተማ አለች። የዓሣ ፋብሪካዋ ተዘግቷል። የሱቆቿ መስኮት በጣውላ ተመትቷል። ወጣቱ ጥሏት ሄዷል። የቀራት ቀለሙ የተላጠ አንድ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ጌታ ደግሞ አያድርስ ነው፤ ሠራተኞቹን ይሳደባል፣ ድመት በእርግጫ ይመታል። አንድ ጠዋት የዓሣ በርሜል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ የሆቴሉን ልብስ አጣቢ ያዘ። ስሟ ማርታ ነው።

«ማርታ?» አሉ እማማ ደረታቸውን ይዘው። «የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ይዛ? አታደርገውም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ መስኮት ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና በሩን ሳልዘጋ «ወጣች?» ይሉኛል።

«አልወጣችም፤ ገና እየመረመሯት ነው።»

መርማሪው ጠጪ ነበር። እማማ ከመጀመሪያው አልወደዱትም። «ይሄ ሰካራም ነው የሰው ነፍስ የሚመረምረው? አለቃ የለውም?» አሉኝ። አለው አልኳቸው። «ታዲያ ለአለቃው ለምን አይነግሩበትም?» ምን ልበል? ገጹን እየገለጥኩ ለአለቃው የሚነግር ሰው ፈለግሁላቸው። አንድም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሰብለ እረፍት ነበራት። እማማ እንዲህ ያለ ከተማ በእውነት ይኖር እንደሆን ጠየቁ። ሦስታችን መኪና ውስጥ ገባንና ወደ ውቅያኖሱ ዳርቻ ነዳሁ። እዚያ ስንደርስ ያው ነው! የተዘጋ ፋብሪካ፣ የበሰበሰ መርከብ፣ እንደ ሕፃን የሚያለቅስ የባሕር ወፍ፣ ቀለሙ የተላጠ ሆቴል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመኪና ወረዱና ዙሪያውን ቃኝተው «እዚህ ነው» አሉ፤ ራሳቸው መርማሪ ሆነው።

የሆቴሉ ባለቤት ወፍራም ሽማግሌ ነው። ዝናብ ላይ ቆመን ሲያየን አስገብቶ በትኩስ ሾርባ ተቀበለን። እማማ ሾርባው ውስጥ ዛጎል አዩና በትሕትና ወደ ሰብለ ገፋ አደረጉት። ሰውየውን ግን ወደዱት። «ደግ ሰው ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «በርሜል አጠገብ እንዳይቆም ንገርልኝ።» ነገርኩት። ምክንያቱንም አስረዳሁት። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀና ዛሬውኑ በርሜሎቹን እንደሚያስወግድ ምሎ ሸኘን። በመመለሻችን ላይ እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ» አሉ። ልጄ! እስከዚያ ቀን «አንተ ልጅ» ነበርኩ። ሰብለ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

በማግስቱ እሑድ እኔ ኦቨርታይም ገባሁ። ቤተ ክርስቲያን ያልነበርኩት ለዚያ ነው፤ የሆነውንም የሰማሁት ኋላ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የምትሰበሰብ ትንሽ ጉባኤ ነበረች። ፓስተሩ እንደ ልማዳቸው የጸሎት ርዕስ ያለው እንዲነሣ ጠየቁ። አንዱ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለወገቡ። በመጨረሻ እማማ አስካለ ተነሡ።

«እኔ የራሴ ጉዳይ የለኝም» አሉ። «ባሕር ዳር ማርታ የምትባል አንዲት ምስኪን ልጅ አለች። ሰው ገደልሽ ተብላ በሐሰት ታስራለች። ዘመድ የላትም። ጸልዩላት።»

እስቲ አስቡት። አገር ቤት አማኝ በእምነቱ የሚታሰርበት ዘመን ነው። እዚያ ከተቀመጠው ሰው መካከል ወንድሙ ወይም የአክስቱ ልጅ ያልታሰረበት ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ሲባል ጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር እንጂ ሌላ ማን ይመጣበታል? ቤቱ በለቅሶ ተናጋ አሉ። ፓስተሩም በዕንባ ሆነው የሳምንት ጾም ጸሎት አወጁ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ መጡ። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥም አብረን ነው የምንሠራው። ምሳ የሚወዱ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«ሶ... ማርታ እንዴት ነች?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እማማ ታሪኩን አውርተውላቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። «ደህና ነች፤ ጠበቃ አቁመውላታል» አልኩ።

«ተመስገን! በምን አወቅህ?»

«ትናንት ማታ አነበብኩታ።»

«በእጅህ ይደርስሃል ማለት ነው?»

«ዋይት ሴንተር ሄጄ ነው የማመጣው።»

ግራና ቀኝ አዩ። «ለማንም እንዳትናገር» አሉና ትከሻዬን ጨብጠው ሄዱ። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወንጀል አነባለሁ ማለት አሳፍሯቸው ነው ብዬ «ኦኬ» አልኩ። ሳምንቱን ሁሉ ሳንድዊቼን ላካፍላቸው ብል ፊታቸውን እያዞሩ ሄዱ። ቅር የተሰኙብኝ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እኔም አስቀድሜ አላየሁትም ነበር። እያነበብኩ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ አፌ ተያዘ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ እማማ።

«እማማ... ማርታ ገድላዋለች። ሾርባው ውስጥ መርዝ አድርጋ።»

ዝም አሉ። ያ የድሮው ዝምታ ተመለሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሰውየው ከሞተ ጀምሮ ነበር እኮ እኔና እማማ መጨዋወት የጀመርነው!

«ራሷ ናት ያለችው?» አሉ ቆይተው። «ደብድበዋት አይደለም?»

«ማንም አልነካትም። ራሷ ናት ያመነችው።»

«እንግዲያው ለፓስተሩ ኮል አድርግልኝ።»

ደወልኩላቸው። እማማ ስልኩን ተቀብለው «ፓስተር፣ ማርታ ገድላለች፤ አምናለች» አሉና ዘጉት። ሻይ ሳይፈላ ፓስተሩና ጋሽ ደምሴ በራችን ላይ ቆሙ። ፊታቸው መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ፊት ነው።

«እማማ» አሉ ፓስተሩ በጥንቃቄ ተቀምጠው፣ «መልእክቱ በእጅዎ አለ?»

«አለ እንጂ» ብለው እማማ መጽሐፉን ሰጧቸው።

ሽፋኑ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ፈረንጅ ደም የነካው ቢላ ይዛ ቆማለች። ፓስተሩ አዩት። ባሕር ዳር ከጀርባው ይገኝ ይመስል ገለበጡት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ማርታ ነቻ!»

«እማማ፣ ባሕር ዳር ነች አላሉም?»

«ባሕር ዳር ናታ! የባሕሩ ዳር ላይ። ልጄ ወስዶ አሳይቶኛል።»

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ፓስተር» አሉ፣ «እኔ ሳምንት ሙሉ የጾምኩት ለዚህች ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፓስተሩ ግን ዓይናቸውን ከእማማ ላይ አላነሡም። «ልብ ወለድ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ምነው? አውቃለሁ እንጂ። የጻፈውን ሰውዬ ፈጣሪ አያውቀውም? ልቡን እንዲያራራላት ብዬ ነው።»

«መጽሐፉ እኮ ታትሞ አልቋል!»

«እኛ ጋ አላለቀም ነበራ!»

«እና አሁን ነፍሰ ገዳይ ሆነች። ያ ሁሉ ጸሎት...»

«ጸሎቱ ምን ሆነ?» አሉ እማማ። «ንጹሕ ብትሆንማ ምን ጸሎት ያስፈልጋታል? ጠበቃ ይበቃታል። ጸሎት የሚያስፈልጋት አሁን አይደል እንዴ?»

ፓስተሩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከመናገራቸው በፊት የጋሽ ደምሴ ሆድ ጮኸ። ትንሽ ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ተራራ ላይ የሚንከባለል ነጎድጓድ ነው። መጀመሪያ የሳቁት ፓስተሩ ናቸው። ከዚያ እማማ፣ ከዚያ እኔ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴም ዕንባቸውን እየጠረጉ። ሰብለ ሠርታ የሄደችው ወጥ ቀረበ። ጋሽ ደምሴ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ «እና በርሜሉ ውስጥ እንዴት ከተተችው?» አሉ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁላቸው። ፓስተሩ ቶሎ መሄድ አለብኝ እያሉ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ሲወጡም መርማሪውን ጠርጥረውት እንደነበር አመኑ።

እሑድ ፓስተሩ ነገሩን ሊያስተካክሉ ተነሡ። ንግግራቸውን አዘጋጅተው ነበር። «ወገኖች፣ የማርታ ጉዳይ አብቅቷል። እውነቱ ወጥቷል...» ከማለታቸው ከኋላ አንዲት ሴት «ወጣች!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። መዘምራኑ ከበሮውን አነሡት። ፓስተሩ ዝም ለማሰኘት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ጉባኤው እያመሰገኑ መስሎት ሁሉም እጁን አነሣ። ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጋሽ ደምሴ አየሁ። ጋሽ ደምሴ እያጨበጨቡ ነበር። ከሁሉ አስበልጠው እልል የሚሉት ደግሞ እማማ አስካለ ናቸው።

እስከ ዛሬ ሲያትል ውስጥ በጸሎት ከባሕር ዳር እስር ቤት ስለወጣችው ማርታ የሚመሰክር ሰው አይጠፋም። አንዳንዱማ አግብታ ካናዳ እንደገባች፣ መንታ እንደወለደች ሁሉ ሰምቷል። ሰውየውን እንደገደለችው የምናውቀው ጥቂት ነን። እኛም ልጅቷ ኑሮዋን ከያዘች በኋላ የድሮ ነገር ምን አስነሣን ብለን ዝም ብለናል።