እርጥብ ጆንያ የለበሰው ሰርቨር

እኛ ሸዋ ሮቢት የምንኖር ሰዎች ከሁለት አንዱ ነን፤ ወይ ሞቆናል፣ ወይ ሊሞቀን ነው። ደገኞቹ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ጃኬታቸውን፣ ቀጥሎ ሹራባቸውን፣ በመጨረሻ ጨዋነታቸውን እያወለቁ ነው የሚደርሱት። እኛ ግን መድኃኒቱን እናውቃለን። ጀሪካኑን በማሾ ጆንያ ጠቅልላችሁ፣ ጆንያው ላይ ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ ነፋስ የሚያገኘው በር ላይ አስቀምጡት፤ ከሰዓት በኋላ ጥርስ የሚነካ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣላችሁ። ችግሩ፣ አንድ መድኃኒት የሠራለት ሰው ያገኘውን በሽተኛ ሁሉ በዚያው ማከሙ ነው። እኔን ማለቴ ነው።

የእህቴ ልጅ ፎዚያ ኮምፒውተር ተምራ መጣችና ሳሎኔ ጥግ ላይ ስክሪን የሌለው ጥቁር ሳጥን አኖረች። "አክስቴ፣ ይሄ ሰርቨር ይባላል። ፊልሙም የሠርግ ቪዲዮውም እዚህ ይቀመጣል፤ ሰው በየስልኩ፣ በየቴሌቪዥኑ ከዚህ እየሳበ ያያል" አለችኝ። ሰፈሩ ሰማ። ሳምንት ሳይሞላ የሰው ሁሉ ፍላሽ እኔ ቤት ተራገፈ፤ ሠርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ የሐጅ ሽኝት በሉት። አንድ ጎረቤቴማ በሬው ሲታረድ ያስቀረጸውን አመጣ። "እትዬ ከድጃ፣ ቪዲዮው ቆመ!" ብለው በአጥር ይጮሁብኛል፤ እኔም ነቅዬ እሰካዋለሁ። ፎዚያ ይህን ስትሰማ ራሷን ትይዛለች። ይሠራል ግን!

ከመጡት ሁሉ ከባዱ የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅ ሠርግ ነበር። የዘሀራ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሰይድ ማጀቴ ከተማ ነው የሚኖሩት። በሠርጉ ቀን ለእሳቸው ክብር ማራገቢያው ሥር አንድ ወንበር ተይዞ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ጋቢ ታጥፎ ተደርጎበት ነበር። መኪና አዘገያቸው። ሲደርሱ ከበር ላይ አዩና "ቦታዬ ላይ ሴት ተቀምጣለች!" ብለው በመጡበት መኪና ተመለሱ። ዘሀራ ደግሞ "ወንበሩ እስኪመሽ ባዶ ነበር፤ ሰበብ ፈልጎ ነው" አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እህትና ወንድም ተዘጋጉ። ዒድ እንኳ አላስታረቃቸውም።

ሽማግሌዎቹ ሲሰለቻቸው "ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ከድጃ ቤት ቪዲዮው ይታይ፤ ወንበሩ ራሱ ይፍረድ" ብለው ቆረጡ። ዘሀራ ፍላሿን ከልብስ ጋር አጥባዋለች፤ ያለው እኔ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ስለሆነ ሙሉውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ራሱ ያለበትን ነው። እኔም ያየሁት የምጨፍርበትን ብቻ ነው። እሱን ግን ደጋግሜ።

ያን ዐርብ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ሳጥኑን ብነካው ይፋጃል። የሁለት ዓመት ጠብ የሚፈታ ዳኛ ዓይኔ እያየ በሙቀት ሊሞት? የማሾ ጆንያዬን አራስኩና ጥቅልል አድርጌ አለበስኩት።

እንግዶቹ ቁጭ ሲሉ ሳጥኑ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ፎዚያ ጆንያውን ገለጠች።

"አክስቴ! ምንድነው ይሄ?"

"ሞቆት ነበር።"

ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን አነሱ። "በቃ፣ ማስረጃውም ሰጠመ። ልሂድበት።" ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አሁን ከወጡ ሁለተኛ እንደማይመለሱ ሁላችንም ገባን። ብድግ አልኩ።

"ወላሂ ጋሽ ሰይድ! ወላሂ ማንም አልተቀመጠበትም! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!"

ትክ ብለው አዩኝ። "አንቺ ከማልሽ፣ የዋሸኝ ዓይኔ ነው" አሉና እህታቸውን አቅፈው አለቀሱ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔ ከሁሉ አብልጬ። ፎዚያም ደስ ብሏት "ሰርቨሩ ከዳነ ማጀቴ ሆነው ሠርጉን ያያሉ" ብላ የሰርቨሩን መግቢያ በስልካቸው ላይ ጫነችላቸው።

እሑድ ዳነ። ፎዚያ ፈትታ፣ አድርቃ፣ መልሳ ገጣጥማ ስታበቃ "ነይ እስቲ የታወቀውን ወንበር እንየው" አለችኝ። ኒካሁ አልቆ ምግብ ሲዞር፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እያለከለከች መጣች። ጋቢውን አነሳች። አልጣለችውም፤ በሥርዓት አጥፋ ለመቀመጫዋ አመቻቸችና ቁጭ አለች። ማራገቢያው ሻሿን ያውለበልበዋል። ደስ ብሏታል።

ቀሚሱን አወቅሁት። ለካ ከጭፈራው በኋላ ሞቆኝ ነበር።

ፎዚያ ስልኳን አየች። ሰርቨር ማለት ማን ምን እያየ እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር ነው፤ ይህን ቀድማ አልነገረችኝም። "አክስቴ፣ ሌላም ሰው እያየው ነው። ጋሽ ሰይድ ናቸው። ኒካሁ ላይ ደርሰዋል፤ ለወንበሩ አምስት ደቂቃ ይቀራቸዋል።"

ጆንያውን አንስቼ ወደ ውሃው በርሜል ሮጥሁ። ፎዚያ "እንደገና አይድንም!" እያለች ወገቤን ይዛ ትጎትተኛለች። ስንታገል ስልኬ ጮኸ።

"ከድጃ፣" አሉ ጋሽ ሰይድ። ሳቁ አላናግር ብሏቸዋል። "ጋቢው ተመቸሽ?"

"ጋሽ ሰይድ፣ አላህ ይማረኝ፣ ረስቼው ነው፤ ወላ..."

"ተይ፣ አትማዪ! ለዘሀራም እንዳትነግሪያት። ሁለት ዓመት ልክ ነኝ ስትል ኖራለች፣ እንደዚያው ትኑር። እኔ ዓይኔ ደህና መሆኑን ካወቅሁ ይበቃኛል።"

ለእናንተ የነገርኳችሁ ዘሀራ ጽሑፍ ስለማታነብ ነው፤ ከቪዲዮውም የምታየው ራሷ ያለችበትን ብቻ ነው፤ እናንተም ዝም በሉ። ባለፈው ጋሽ ሰይድ ማጀቴ ላይ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩኝ። ማራገቢያው ሥር አንድ ወንበር ተይዞልኝ ነበር፤ ጋቢም ታጥፎ ተቀምጦበታል። ላቤ እስከ ተረከዜ ወረደ። እስኪመሽ ግን ቆሜ ዋልሁ።

ይቀረጽ ነበራ!