ጋሼ ሥራሥር እና ቢጫዋ አበባ

መድኃኒት ቤት የሚንቅ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ክቡር ጋሼ ሥራሥር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ሕክምና ጀመሩ። የት ተማሩት ብለህ ከጠየቅህ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ተፈጥሮ!" ቢጎዳኝስ ካልክ ደግሞ፦ "ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?"

ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቁኝ። ጥርሴን ሲያመኝ ያስያዙኝ ቅጠል ከንፈሬን አሳብጦት፣ በእህቴ የሠርግ ፎቶ ላይ የተቆጣ ዳክዬ መስዬ ቀርቻለሁ። የላይኛዋን ጎረቤት ሳል በነጭ ሽንኩርት ጭስ አጠፋለሁ ብለው ሳሏን ለሕንጻው ሰው ሁሉ አዳረሱት። ሰው ሲሻለው "አላልኩም?" ይላሉ፤ ሲብስበት "ቆሻሻው እየወጣ ነው!" እሳቸው አይሳሳቱም፤ የሚሳሳተው በሽተኛው ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አበዙት። ባለቤታቸው እትዬ መርሳት ጀምረዋል፤ ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጋሼ ደግሞ ለመርሳት በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ከአንድ ቢጫ አበባ ሥር እንደሚገኝ በሬዲዮ ሰሙ። ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ማን ያዳምጣል! የግቢያችንን ቢጫ አበባ ነቅለው፣ ሽንኩርት የሚመስለውን ሥሯን ከትፈው ቀቀሉት።

የእትዬን ጩኸት ሰምቼ ስገባ ጋሼ ወለል ላይ ተዘርግተው ያስመልሳቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ አለ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ።

"እትዬም ጠጥተዋል እንዴ?"

"ገና... ነው" አሉ ጋሼ፣ እያስመለሳቸው።

ከእትዬ ጋር ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሟ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻቸው። "በሥሩ ውስጥ አልካሎይድ የሚባሉ ብዙ ንጥረ ነገሮች አሉ። አንዱ ለማስታወስ ያግዛል፤ ሌላው አንጀት ይገለብጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። ፋብሪካ ለይቶ፣ ለክቶ ነው የሚሰጠው። ድስት አይለይም፣ አባባ።"

እሷ ስትወጣ ጠብቄ፣ "ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?" አልኳቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሼ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እኔን ካልጎዳኝ ነበር የምሰጣት። ትናንት እኮ 'መሸብዎት፣ ቤትዎ የት ነው አባቴ?' አለችኝ። እኔን! ባሏን!"

ያዘጋጀሁትን ስድብ ትቼ ብርድ ልብሱን አለበስኳቸው።

ሐኪሟ እትዬን መርምራ ኪኒን አዘዘች፤ እንደማያድናቸው፣ ትንሽ ግን ሊያግዛቸው እንደሚችል ነገረችን። ጋሼ ሥራሥር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት ቤት ገቡ። ፓኬቱን ተቀብለው እዚያው መክፈት ጀመሩ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"አንዷን ቀድሜ ልዋጣት። ያልቀመስኩትን ለእሷ አልሰጥም!"

"ጋሼ!" ብዬ ፓኬቱን ነጠቅኳቸው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ ጉበቴ መከሩኝ፤ እኔም፣ ይግረማችሁና፣ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" እያልኩ ሰማኋቸው።